አራቱ ሣጥኖችና የዓረፍተ ነገር ሚዛን፦ ስለ እንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር አመዳደብ የቀረበ ሒስ

1. መግቢያ

በኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ ክፍል ውስጥ ያለፈ ሰው አንድ ትምህርት አይዘነጋም። የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር በአወቃቀሩ አራት ዓይነት ነው ይባላል፤ ነጠላ፣ ድርብ፣ ውስብስብና ድርብ-ውስብስብ። ራሱን የቻለ አንድ ክሎዝ ብቻ ያለው ነጠላ ነው። ራሳቸውን የቻሉ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ክሎዞች እንደ “ኤንድ”፣ “በት” እና “ኦር” ባሉ መስተፃምሮች ሲያያዙ ድርብ ይሆናል። ራሱን በቻለው ክሎዝ ላይ እንደ “ቢኮዝ”፣ “ኢፍ”፣ “ዌን” ወይም “ሁ” ባለ ቃል የሚመራ ጥገኛ ሲታከልበት ውስብስብ ይባላል፤ ሁለቱም ጠባዮች በአንድነት ሲገኙ ደግሞ ድርብ-ውስብስብ። ክሎዝ ስንል የራሱ ባለቤትና የራሱ ግሥ ያለውን የዓረፍተ ነገር ክፍል ማለታችን ነው፤ የአማርኛ አቻው ከመጽሐፍ መጽሐፍ ስለሚለያይ በዚህ ጽሑፍ በውሰቱ ቃል እንጠቀማለን።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አመዳደቡ ሐሰት መሆኑን ማሳየት አይደለም፤ ሐሰት አይደለምና። ተማሪው ነጥብና ነጠላ ሰረዝ የት እንደሚያኖር ለማስተማር እስከ ዛሬ ያገለግላል። ክርክራችን አመዳደቡ መቁጠርን እንጂ መመዘንን አያስተምርም የሚል ነው። ተማሪው ክሎዞችን ቆጥሮ ዓረፍተ ነገሩን ከአራቱ ሣጥኖች በአንዱ ከከተተ በኋላ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። የዓረፍተ ነገሩ ክብደት በየትኛው ክፍል ላይ እንዳረፈ፣ የትኛው ክፍል በየትኛው ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ጸሐፊው የትኛውን ነገር ለክርክር አቅርቦ የትኛውን ያለ ክርክር እንዳሳለፈ ግን አልጠየቀም። እነዚህን ሳይጠይቁ እንግሊዝኛን ማንበብ ይቻል ይሆናል፤ መረዳት ግን አይቻልም።

ጉዳዩ የቋንቋ መምህራን የግል ጉዳይ ተደርጎ እንዳይታይ አደራ እንላለን። በስደት የምንኖር ምሁራን በሁለት ቋንቋዎች መካከል ስንመላለስ የምንውል ሰዎች ነን። በእንግሊዝኛ እናነባለን፣ በአማርኛ እንከራከራለን፣ ለወገኖቻችን በአስተርጓሚነት እንቆማለን፣ የአገራችንን ሕጎች በሁለቱም ቋንቋዎች እናገላብጣለን። በእነዚህ ሥራዎች ሁሉ የዓረፍተ ነገር አወቃቀር የሰውን ዕጣ እስከ መወሰን ይደርሳል።

2. ሣጥኖቹ ከየት መጡ?

አመዳደቡ ታሪክ አለው። ኋላ የለንደን ጳጳስ የሆነው ሮበርት ላውዝ በ1762 እ.ኤ.አ. አጭር የእንግሊዝኛ ሰዋስው ባሳተመ ጊዜ ነጠላ ዓረፍተ ነገርን አንድ ባለቤትና አንድ ማሰሪያ ግሥ ያለው አድርጎ አስቀመጠ። በትውልዱ አሜሪካዊ የነበረው ሊንድሊ መሪ በ1795 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በዮርክ ከተማ ለነበረ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ባዘጋጀው መጽሐፍ ዓረፍተ ነገርን ነጠላና ድርብ ብሎ በሁለት ብቻ ከፈለ። በዚያ ዘመን አከፋፈል መሠረት ዛሬ ውስብስብ የምንለው ሁሉ ከድርቡ ጋር ይቆጠር ነበር።

ውስብስቡ ራሱን የቻለ ክፍል ሆኖ በትምህርት ቤት የተተከለው በ19ኛው ምእት ዓመት ነው። ለዚህም ምንጩ በአብዛኛው የጀርመናዊው የካርል ፈርዲናንድ ቤከር ትምህርት ነበር። የትምህርት ቤቶች ተቆጣጣሪ የነበረው እንግሊዛዊው ጄ. ዲ. ሞረል የቤከርን ዘዴ በ1852 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የዓረፍተ ነገር መተንተኛ መጽሐፍ አማካይነት ወደ እንግሊዝኛ አሸጋገረው። በአሜሪካም አሎንዞ ሪድና ብሬይነርድ ኬሎግ በ1877 እ.ኤ.አ. ባወጡት መጽሐፍ ዓረፍተ ነገርን በመስመር እየሣሉ መተንተንን አስፋፉ። አራተኛው ሣጥን፣ ድርብ-ውስብስቡ፣ የቀደሙት ክፍሎች ድቅል ሆኖ ከኋላ የመጣ ነው።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ የክፍሎቹ ቁጥር ከሁለት ወደ ሦስት፣ ከሦስት ወደ አራት ያደገው ቋንቋው ስለተለወጠ ሳይሆን የመምህራኑ ፍላጎት ስለተለወጠ ነው። ሁለተኛ፣ እነዚህ መጻሕፍት የተዘጋጁት እንግሊዝኛን ከእናታቸው ጡት ጋር ለጠቡ ልጆች ነበር። ልጆቹ በአንደበታቸው የሚያውቁትን አወቃቀር ስም እንዲሰጡት ይማሩ ነበር። የእኛ ተማሪ ግን አወቃቀሩን ሳያውቀው ስሙን ይማራል። ለባለቤቶቹ መሰየሚያ የነበረው ለእኛ ማወቂያ ሆኖ ቀረበ፤ ችግሩም ከዚህ ይጀምራል።

3. ሣጥኖቹ የሚሸሽጉት

የመጀመሪያው ነገር መጠንና አወቃቀር የተለያዩ መሆናቸው ነው። “ሊቀመንበሩ ከ20 ዓመት የስደት ኑሮ በኋላ በሰኔው የዋሽንግተን ስብሰባ ላይ በአባላቱ ሁሉ ፊት ስለ ማኅበሩ የገንዘብ ይዞታ ረጅም መግለጫ ሰጠ” የሚለው በእንግሊዝኛ ቢጻፍ ግሡ አንድ ስለሆነ ነጠላ ነው። “ስትጠራኝ መጣሁ” የሚለው ግን በእንግሊዝኛ አምስት ቃል ሆኖ ሳለ ውስብስብ ነው። ተማሪው “ውስብስብ” የሚለውን ስም ሲሰማ ከባድና ጥልቅ ነገር ይመስለዋል፤ “ነጠላ” ሲባል ደግሞ የሕፃን ንግግር። ስለዚህ ምሁር ለመምሰል ጥገኛ ክሎዞችን ይደረድራል። ስያሜው ራሱ የአጻጻፍ ፍርድ ሆኖ ያስተዋል።

ሁለተኛው ከዚህ የበለጠ ይከብዳል። ሰዋስው “ዋና” የሚለው ክሎዝ ሁልጊዜ የሐሳቡ ዋና አይደለም። አንድ እንግሊዛዊ ጸሐፊ “ድርጅቱ መክሰሩ በሚገባ የታወቀ ነው” ለማለት ሲፈልግ ዋናው ክሎዝ “የታወቀ ነው” የሚለው ባዶ ቃል ብቻ ይሆናል፤ ክሱ የተቀመጠው በ“ዛት” በሚመራው ጥገኛ ውስጥ ነው። ተማሪው ዋናውንና ጥገኛውን ለይቶ ነጥቡን አግኝቷል፤ ነገር ግን ማን እንዳወቀው፣ በምን ማስረጃ እንደታወቀ መጠየቅ እንዳለበት ማንም አላስተማረውም።

በፖለቲካ ጽሑፍ ይህ መሣሪያ ምን ያህል እንደሚያገለግል አንባቢ ያውቃል። “ምሁራኑ ሕዝቡን ከከዱ በኋላ ወደ ውጭ ተሰደዱ” የሚል ዓረፍተ ነገር ይቅረብልን እንበል። በዋናው ክፍል ላይ የተቀመጠው ስደቱ ነው። ክሕደቱ በጊዜ አመልካቹ ጥገኛ ውስጥ ገብቶ ሁሉ የተስማማበት ነገር መስሏል። ተቃዋሚው ተነሥቶ “ምሁራኑ ሕዝቡን ከከዱ በኋላ ወደ ውጭ አልተሰደዱም” ቢል እንኳ የካደው ስደቱን ብቻ ነው፤ ክሕደቱ እንደጸና ይኖራል። ይህ በእንግሊዝኛም በአማርኛም እኩል ይሠራል። አራቱ ሣጥኖች ግን ስለዚህ ጉዳይ አንድም ነገር አይነግሩንም፤ ዓረፍተ ነገሩን “ውስብስብ” ብለው ያልፉታል።

ሦስተኛው አቅጣጫ ነው። እንግሊዝኛ ባለቤቱንና ግሡን ቀድሞ ይጥልና የቀረውን ከኋላ እያስከተለ ይሄዳል። ኩዌርክ፣ ግሪንባም፣ ሊችና ስቫርትቪክ በ1985 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ታላቅ የእንግሊዝኛ ሰዋስው ላይ እንዳብራሩት፣ ቋንቋው ረጅሙንና ከባዱን ክፍል ወደ መጨረሻ የመግፋት ዝንባሌ አለው፤ አዲሱና ተፈላጊው ዜናም በተለምዶ ከመጨረሻው ላይ ያርፋል። እንግሊዝኛ አንባቢ ገና በመጀመሪያ ማን ምን እንዳደረገ ያውቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ማብራሪያ ነው። ለእኛ ይህ ባዕድ መንገድ ነው፤ ምክንያቱ በሚቀጥለው ክፍል ይታያል።

4. ማሰሪያው የት ነው?

የአገራችን ሰዋስው ሊቃውንት ዓረፍተ ነገር የሚዘጋበትን ግሥ “ማሰሪያ አንቀጽ” ብለው ሰየሙት። ስያሜው ትልቅ ዕውቀት ያዘለ ነው። በአማርኛ ከማሰሪያው በፊት የሚመጣው ሁሉ ገና ያልታሰረ ነው፤ አንባቢው ነዶውን ይዞ ማሰሪያውን ይጠብቃል። በቅኔ ቤትም ሊቃውንቱ አገባብን ዐቢይ፣ ንዑስና ደቂቅ ብለው በሦስት ከፍለው ሲያስተምሩ፣ ዐቢይ አገባብ በግሥ ላይ እየወደቀ ግሡን ማሰሪያ እንዳይሆን እንደሚያስቀረው ያሳያሉ። ይህ በእንግሊዝኛ ሰዋስው ጥገኝነት ከሚባለው ጋር አንድ ነገር ነው። የእኛ ሊቃውንት ግን ክሎዝ አልቆጠሩም፤ የጠየቁት “ምን ያስራል? ምን ያስቀራል?” ብለው ነው። ጥያቄያቸው ከሞረል ጥያቄ የተሻለ ነበር ብንል ድፍረት አይሆንብንም።

ሌላም የተዘነጋ ነገር አለ። ግዕዝ በተለምዶ ግሡን ያስቀድማል፤ ጥገኛውን ክፍል በአብዛኛው ከኋላ ያስከትላል። አማርኛ ደግሞ ግሡን ከመጨረሻ ያኖራል። ስለዚህ ግዕዙን እያነበበ በአማርኛ የሚያመሰጥረው መምህር ዓረፍተ ነገሩን ከጭራው ወደ ራሱ መመለስ ነበረበት። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚተረጉመው የዛሬ ምሁር የሚገጥመው ሥራ በመሠረቱ ይኸው ነው። ለዚህ ሥራ በአገር ውስጥ የብዙ መቶ ዓመታት ልምድ እያለን፣ በእንግሊዝኛ ክፍል ውስጥ ይህን ልምድ የሚጠቅስ አለመኖሩ ያሳዝናል።

ልዩነቱን በምሳሌ እንየው። “አልማዝ ከበደ አስቴር መጥታለች ብሎ እንደነገራት ታስታውሳለች” የሚለውን ዓረፍተ ነገር ያነበበ አማርኛ ተናጋሪ ይደናቀፋል። ሦስት ባለቤቶች ተከታትለው መጡ፤ ከዚያ ሦስት ግሦች በተገላቢጦሽ ቅደም ተከተል ተከተሉ። ሰዋስዋዊ ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን አእምሮ ሦስት ያልታሰሩ ነገሮችን በአንድ ጊዜ መሸከም ይቸግረዋል። ቾምስኪና ሚለር በ1963 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት እንዲህ በመካከል የሚሰካ አወቃቀር የሰውን የማስታወስ ዐቅም እንደሚፈትን አመልክተዋል። እንግሊዝኛ ይህን ዓረፍተ ነገር ያለ ችግር ይናገረዋል፤ “አልማዝ ታስታውሳለች” ብሎ ይዘጋና “ከበደ እንደነገራት” ይላል፣ ከዚያም “አስቴር እንደመጣች” ይላል። አንዱ ሳይዘጋ ሌላው አይከፈትም።

አማርኛስ መፍትሔ የለውም? አለው። “አስቴር መጥታለች ብሎ ከበደ እንደነገራት አልማዝ ታስታውሳለች።” ከውስጥ ያለውን ወደ ፊት አወጣ፤ እያንዳንዱ ባለቤት ከግሡ ጋር ተገናኘ። እንግሊዝኛ ከውጭ ወደ ውስጥ ይገባል፤ አማርኛ ከውስጥ ወደ ውጭ ይወጣል። ይህን አንድ ነገር የተረዳ ተማሪ በአራቱ ሣጥኖች አንድ ዓመት ከደከመው ይልቅ በአንድ ሳምንት ብዙ ያተርፋል። በሁለቱም አቅጣጫ የሚተረጉም ሰው የመጀመሪያው ሥራው ይህን መገልበጥ ነውና።

5. ቦዝ አንቀጽና የምስክርነት ቃል

ሣጥኖቹ ፈጽሞ የማይዙት አንድ የአማርኛ አወቃቀር አለ፤ እርሱም ቦዝ አንቀጽ ነው። “ተነሥቶ፣ ታጥቦ፣ ለብሶ ወጣ” ስንል ስንት ክሎዝ አለ? ቦዝ አንቀጹ ባለቤቱን በራሱ ላይ ያመለክታል፤ ነገር ግን አያስርም። መስተፃምር የለበትም፤ ስለዚህ ድርብ አይደለም። “ቢኮዝ” ወይም “ዌን” የሚመስል ምልክትም የለበትም፤ ስለዚህ እንግሊዝኛው በሚያውቀው መንገድ ውስብስብ ለማለት ያስቸግራል። በእንግሊዝኛ ቢተረጐም “ተነሣ፣ ታጠበ፣ ለበሰና ወጣ” ይሆናል፤ ባለቤቱ አንድ ስለሆነም ብዙ መማሪያ መጻሕፍት ባለ ብዙ ማሰሪያ ነጠላ ዓረፍተ ነገር ይሉታል።

ይህ የሊቃውንት ጨዋታ የሚመስለው የሰው ሕይወት እስኪነካ ድረስ ብቻ ነው። ቦዝ አንቀጽ ሁለት ድርጊቶችን ያያይዛል፤ ግንኙነታቸው የጊዜ ይሁን የምክንያት ግን ለሰሚው ይተወዋል። አንድ ጥገኝነት ጠያቂ ወገናችን “ወታደሮቹ ወደ ቤታችን መጥተው ወንድሜ ሞተ” አለ እንበል። በአማርኛ ቃሉ ሙሉ ነው፤ ሐዘንተኛ እንዲህ ይናገራል። እንግሊዝኛ ግን ምርጫ ያስገድዳል። “ወታደሮቹ ከመጡ በኋላ ሞተ” ይባል? “ወታደሮቹ ስለመጡ ሞተ” ይባል? ወይስ “ወታደሮቹ መጡ፤ ወንድሜም ሞተ” ይባል? በመጀመሪያው ጊዜ፣ በሁለተኛው ምክንያት፣ በሦስተኛው ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ድርጊቶች ይነገራሉ። “ወታደሮቹ ገደሉት” የሚለው ከሦስቱም አይገኝም፤ ተናጋሪው ግን ምናልባት ይህንኑ ማለቱ ነበር።

አሁን ይኸው ሰው የጽሑፍ ቃሉን በአንድ አስተርጓሚ እጅ፣ የቃል ምስክርነቱን በሌላ አስተርጓሚ አፍ አቀረበ እንበል። የመጀመሪያው “ስለመጡ” ብሎ ጻፈ፤ ሁለተኛው “ከመጡ በኋላ” ብሎ ተናገረ። ባለጉዳዩ ሁለቱንም ጊዜ አንድ ቃል ነው የተናገረው። በመዝገቡ ላይ ግን ሁለት ቃል ተጽፏል። በአሜሪካ በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣው ሪል አይዲ የተባለው ሕግ፣ ዳኛው የጥገኝነት ጠያቂውን ተአማኒነት ሲመዝን ማንኛውንም የቃል አለመጣጣም፣ የጉዳዩን ፍሬ ነገር ባይነካም እንኳ፣ ከግምት እንዲያስገባ ፈቅዷል። ስለዚህ በሁለት ቋንቋዎች አወቃቀር መካከል የተፈጠረ ክፍተት በምስኪኑ ላይ ውሸት ሆኖ ሊቆጠርበት ይችላል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ዕውቀትን ግን ይጠይቃል። አስተርጓሚው ቦዝ አንቀጽ በሰማ ጊዜ እንግሊዝኛው ከእርሱ ምርጫ እየጠየቀ መሆኑን ማወቅ አለበት። ምርጫው የእርሱ እንዳልሆነም ማወቅ አለበት። ወይ ግንኙነቱን ሳይወስን ሁለቱን ድርጊቶች ጎን ለጎን ያቁማቸው፤ ወይም ቃሉ ሁለት ትርጉም እንደሚይዝ አስታውቆ ተናጋሪው እንዲጠየቅ ያድርግ። ክሎዝ መቁጠር ብቻ የተማረ አስተርጓሚ ግን ምርጫ መኖሩን እንኳ አያይም።

6. የሕግ ዓረፍተ ነገር

ሁለተኛው አደጋ በሕግ ላይ ይታያል። በእንግሊዝኛ የሕግ ጽሑፍ አንድ ገላጭ ከዝርዝር በኋላ በመጨረሻ ሲመጣ ሁሉንም ይገልጻል ወይስ የመጨረሻውን ብቻ? የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2016 እ.ኤ.አ. በሎክሃርት ጉዳይ ላይ የፈረደው በዚህ ጥያቄ ላይ ነበር። ሕጉ ሦስት የወንጀል ዓይነቶችን ዘርዝሮ በመጨረሻ ላይ “ለአካለ መጠን ባልደረሰ ልጅ ወይም በጥበቃ ሥር ባለ ሰው ላይ የተፈጸመ” የሚል ትርጉም ያለው ገላጭ አስከትሏል። ፍርድ ቤቱ በ6 ለ2 ድምፅ ገላጩ የመጨረሻውን ብቻ እንደሚመለከት ወሰነ። በዚህም ምክንያት ቀድሞ የተፈረደበት ወንጀል አዋቂን የሚመለከት የነበረው ተከሳሽ ከ10 ዓመት በማያንስ እስራት ግዴታ ሥር ወደቀ። ዳኞቹ የተለያዩት ስለ ክሎዞቹ ቁጥር አልነበረም፤ ምን በምን ላይ እንደተንጠለጠለ ነበር።

አሁን ይህን ወደ እኛ እናምጣው። በእንግሊዝኛ የተረቀቀ አንድ ድንጋጌ አለ እንበል፤ ቅደም ተከተሉ በአማርኛ ቃላት ሲቀመጥ “ባለሥልጣኑ ፈቃዱን ይሰርዛል፣ ባለፈቃዱ ግብር ካልከፈለ ወይም ሪፖርት ካላቀረበ በ30 ቀን ውስጥ” የሚል ነው። የ30 ቀኑ ገደብ ሪፖርቱን እንደሚመለከት ጥርጥር የለውም፤ ግብሩን መመልከቱ ግን ያከራክራል። ተርጓሚው በአማርኛ ሥርዓት መልሶ “በ30 ቀን ውስጥ ግብር ካልከፈለ ወይም ሪፖርት ካላቀረበ ባለሥልጣኑ ፈቃዱን ይሰርዛል” ብሎ ይጽፋል። ትርጉሙ ያማረ ነው፤ ቃል አልጎደለም። ነገር ግን ጥርጣሬው ቦታ ቀየረ። አሁን ገደቡ ግብሩን እንደሚመለከት የታወቀ ሆነ፤ ሪፖርቱን መመልከቱ ግን አከራካሪ ሆነ። እርግጠኛው አጠራጣሪ፣ አጠራጣሪው እርግጠኛ ሆኖ ወጣ።

ነገሩ ለኢትዮጵያ ባዕድ አይደለም። የ1960 እ.ኤ.አ. የፍትሐ ብሔር ሕግ በፈረንሳዊው ምሁር በሬኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ ተረቆ ወደ አማርኛ የተመለሰ ነው። የ1957 እ.ኤ.አ. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም በስዊሱ ምሁር በዣን ግራቨን በፈረንሳይኛ የተረቀቀ ነበር። ፈረንሳይኛም በዚህ ረገድ እንደ እንግሊዝኛ ገላጩን ከኋላ የሚያስከትል ቋንቋ ነው። ነጋሪት ጋዜጣም አዋጆችን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ሲያትም ኖሯል። በ1995 እ.ኤ.አ. በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 106 የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ መሆኑን ደንግጓል። ስለዚህ በአማርኛው ዓረፍተ ነገር ውስጥ የገላጩ ቦታ ምን እንደሚያስከትል ማወቅ የሕግ ዕውቀት ክፍል ነው።

የሚያስገርመው፣ በ19ኛው ምእት ዓመት አጋማሽ እንግሊዛዊው ጆርጅ ኩድ ስለ ሕግ አረቃቀቅ ሲጽፍ፣ ጉዳዩና ሁኔታው ቀድሞ እንዲቀመጥ፣ ባለግዴታውና ድርጊቱ ከዚያ እንዲከተሉ መክሮ ነበር። ይህ የአማርኛ ተፈጥሯዊ ቅደም ተከተል ነው። የእንግሊዝኛ የሕግ አርቃቂ በጥረት የሚያገኘውን አማርኛ በተፈጥሮው ይዞታል። እኛ ግን የእንግሊዝኛውን ቅርጽ ለመምሰል ስንል ይህን ጥቅም ስንጥለው እንታያለን።

7. በገዛ አማርኛችን ላይ የደረሰው

የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገርን ቅርጹን ሳይሆን ስሙን ብቻ መማር ሌላም ጉዳት አለው፤ በገዛ ቋንቋችን ላይ ይመለሳል። በስደት በሚታተሙ መጽሔቶቻችን ላይ የሚወጣውን አማርኛ ያስተዋለ ሰው ሁለት ምልክቶችን ያያል።

የመጀመሪያው የጭራ ዓረፍተ ነገር ነው። ጸሐፊው ማሰሪያውን አስሮ ከጨረሰ በኋላ “ምክንያቱም” ብሎ አንድ፣ “ይህም” ብሎ ሁለት፣ “ይህ ደግሞ” ብሎ ሦስት ጭራ ይቀጥላል። እነዚህ ቃላት በራሳቸው ነውር የለባቸውም፤ ለአጽንዖት ሲገቡ ያምራሉ፣ ይህ ጽሑፍም ከእነርሱ ነጻ አይደለም። ነገር ግን በየዓረፍተ ነገሩ ሲመጡ፣ ጸሐፊው በእንግሊዝኛ “ቢኮዝ” እና “ዊች” እያሰበ በአማርኛ ፊደል እየጻፈ መሆኑን ይመሰክራሉ። “ገንዘብ ስላለቀ ጉባኤው ተበተነ” ለማለት “ጉባኤው ተበተነ፤ ምክንያቱም ገንዘብ አለቀ” ማለት ምን ያስፈልጋል?

ሁለተኛው ተገብሮ ግሥ ነው። እንግሊዝኛ ተደራጊውን ወደ ፊት ለማምጣት ሲፈልግ ግሡን ተገብሮ ያደርገዋል፤ የቃላቱ ቦታ ጥብቅ ስለሆነ ሌላ ቀላል መንገድ የለውም። አማርኛ ግን ተሳቢውን በ“ን” ምልክት አድርጎ ወደ ፊት ሊያወጣው ይችላል፤ “መጽሐፉን አንድ መነኩሴ ጻፉት” ይላል። ወይም “መጽሐፉን የጻፉት አንድ መነኩሴ ናቸው” ብሎ አጽንዖቱን በጸሐፊው ላይ ያሳርፋል። ይህ ሁሉ እያለ “መጽሐፉ በአንድ መነኩሴ አማካይነት ተጻፈ” የምንለው እንግሊዝኛው ስላስገደደን ነው። የእንግሊዝኛው ተገብሮ ምን ሥራ እንደሚሠራ የተረዳ ሰው ሥራውን በአማርኛ መሣሪያ ይሠራዋል። ያልተረዳ ግን መሣሪያውን ራሱን ተሸክሞ ይመጣል።

በዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ እንዳለ እናውቃለን። ቋንቋ ይለወጣል፣ ይዋሳል፤ አማርኛም ከግዕዝ፣ ከኦሮምኛ፣ ከአገውኛ፣ ከዐረብኛ ተውሶ ነው የበለጸገው፤ እንግሊዝኛ ቢያወራርሰው ምን ክፋት አለው? ሊባል ይችላል። እኛም የንጽሕና ዘበኞች አይደለንም። ውሰት ጸሐፊውን ያልነበረው ዐቅም ካስገኘለት በረከት ነው። እዚህ ላይ የምንነቅፈው ግን ዐቅም የሚቀንሰውን ነው። ተሳቢን የማስቀደም፣ ሁኔታን የማስቀደም፣ በቦዝ አንቀጽ ድርጊቶችን የማሳካት ጸጋ ያለውን ቋንቋ የእነዚህ ጸጋዎች ባለቤት ያልሆነውን እንዲመስል ማድረግ መበልጸግ ሊባል አይችልም። ዶክተር ባዬ ይማም በ1987 ዓ.ም. “የአማርኛ ሰዋስው” የተባለውን መጽሐፋቸውን ሲያሳትሙ ዘመናዊውን የሥነ ልሳን ትንተና በራሱ በአማርኛ ማቅረብ እንደሚቻል አሳይተዋል። ስለዚህ አማርኛ የመተንተኛ ቃል የለውም የሚለው ምክንያት ከእንግዲህ አያዋጣም።

8. መደምደሚያ

አራቱ ሣጥኖች ይቃጠሉ አንልም። ተማሪው ነጠላውን ከድርቡ መለየት ካልቻለ ነጠላ ሰረዝ እንኳ በቦታው ማኖር አይችልም። የምንለው፣ ሣጥኖቹ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይሁኑ ነው። እንግሊዝኛ ዛሬም በኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ቋንቋ ሆኖ ሳለ፣ አማርኛ የሚያውቅ ተማሪ አንድ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር በቀረበለት ጊዜ ሦስት ጥያቄዎችን እንዲጠይቅ ቢለምድ ይበጀዋል።

አንደኛ፣ ማሰሪያው የት ነው? ከእርሱ በፊት ምን መጣ፣ ከእርሱ በኋላስ ምን ተንጠለጠለ? ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ የተንጠለጠለ ክፍል የያዘው የትኛውን ነው፤ የቅርቡን ብቻ ወይስ የራቀውንም ጭምር? ሦስተኛ፣ ጸሐፊው እንድከራከርበት ያቀረበልኝ የትኛውን ነው፤ እንደ ታወቀ ነገር አድርጎ ያሳለፈብኝስ? የመጀመሪያው ጥያቄ ከቅኔ ቤት የወረስነው ነው። ሁለተኛው ዳኞችን ያከራከረ ነው። ሦስተኛው ነጻ ዜጋ የሚያነብበት መንገድ ነው።

ሦስቱም ጥያቄዎች በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን በተጻፉ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ሊሠሩ ይችላሉ፤ አንዱ በእንግሊዝኛ፣ ሌላው በአማርኛ። ልዩ መጽሐፍ ወይም ልዩ መሣሪያ አያስፈልጋቸውም። በየከተማው ቅዳሜና እሑድ ለልጆቻችን አማርኛ የሚያስተምሩ ወገኖች፣ በፍርድ ቤት የሚያስተረጉሙ ወንድሞችና እኅቶች፣ ለመጽሔቶቻችንም የሚጽፉ ምሁራን ነገ ሊጀምሩት የሚችሉት ሥራ ነው። ሥራው ሲጀመር እንግሊዝኛችን ይጠራል። ከዚያ በላይ ደግሞ፣ በእንግሊዝኛ አእምሮ የምንጽፈው አማርኛ ወደ ገዛ ማሰሪያው ይመለሳል።